የተዋጠችው ካርድ

ጀማነሽን ከካርድ ሳጥን ለይቶ የሚያስባት ሰው ካዛንቺስ ውስጥ አልነበረም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር ተቀምጣ፣ አንድ የጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የገባውን ወረቀት ሁሉ ከመዳፍ በማትበልጥ ካርድ ላይ በጽሕፈት መኪና ስትመታ ኖረች። የጸሐፊው ስም፣ የጥናቱ ርዕስ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የመደርደሪያው ቁጥር። አራት መስመር ብቻ። ከዚያ ካርዷን በፊደል ተራ ሳጥን ውስጥ ትሰካታለች። «ይሄም ሥራ ሆኖ!» የሚሉ ነበሩ። ይበሉ! ስንትና ስንት ዶክተር መጥቶ «ያቺ የስንዴ ጥናት የት ገባች?» ብሎ ሲጨነቅ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ ሳጥኑን ስባ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ የምታወጣለት እሷ ነበረች።

ጡረታ በወጣች በአራተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ስልኳ ጮኸ። የተቋሙ አስተዳደር ኃላፊ አቶ ደጋጋ ነበሩ።

«እትዬ ጀማነሽ፣ ሕንፃውን ልንለቅ ነው። መስቀል ፍላወር አካባቢ ሁለት ክፍል አግኝተናል። ከመሄዳችን በፊት ካርዶቹ ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት አለባቸው፤ እነዚያን ካርዶች ደግሞ ከእርስዎ በቀር ደፍሮ የሚነካ ጠፋ። ሦስት ወር ብቻ ቢያግዙን?»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት እሺ አለች። እንዲያውም ስልኩን ዘግታ ነው «ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብላ መጠየቅ እንደነበረባት ትዝ ያላት።

ያኔ የምትኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ የእህቷ ልጅ ቤት ነው። የተወለደችበት ቤት ሰፈሩ ሲነሣ አብሮ ፈርሷል። በመጀመሪያው ቀን ከታክሲ «ወራጅ አለ!» ብላ ካዛንቺስ ወረደችና እዚያው ቆማ ቀረች። መንገዱ ሰፍቷል፣ ታጥቧል፣ መብራቱ በረድፍ ተተክሏል። ያምራል፤ አያምርም ብትል ውሸት ይሆንባታል። ግን የእነሱ ግቢ በር የት ጋ ነበር? እዚህ? ወይስ ከዚያኛው ምሰሶ ወዲያ? ሰው ተወልዶ ስልሳ ዓመት በኖረበት ሰፈር አቅጣጫ ይጠፋዋል? ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ተቋሙ አዘገመች፤ እሱ እንኳን ገና ቆሟል።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የጠበቀቻት ደሊና የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነች። ፈጣን ልጅ ነች፤ ስትናገርም፣ ስትጽፍም፣ ስትሄድም ትቸኩላለች። ኮምፒዩተሩን ከፈተችና አንድ ጥቁር መስኮት አመጣች። ሥዕል የለው፣ ምልክት የለው፣ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ውይ፣ ተበላሸ እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አልተበላሸም!» ሳቀች ደሊና። «እዚህ ላይ ኮማንድ ይጽፋሉ፣ እሱ ይሠራል። ማለቴ፣ እርስዎ ካርዶቹን አንድ ፋይል ላይ ይጽፏቸዋል። ከዚያ አንድ መስመር ትእዛዝ ሲሰጡት ሁሉንም ያነባል፣ በፊደል ተራ ያሰልፋል፣ ኢንዴክስ፣ ማለቴ ማውጫ፣ ያወጣል። በቃ።»

«ሁሉንም?»

«በሦስት ሰከንድ።»

ሠላሳ ሰባት ዓመትና ሦስት ሰከንድ። ጀማነሽ መሳቅም መቆጣትም አማራት፤ መሳቁን መረጠች።

የሚገርመው ግን ጥቁሩን መስኮት ወደደችው። ያ ማውዝ የሚሉት ነገር ሁልጊዜ ያበሳጫት ነበር፤ ቀስቷን ፍለጋ ዓይን ማንከራተት ምን ዓይነት ሥራ ነው? እዚህ ግን የሚፈለገው መጻፍ ብቻ ነው፤ መጻፍ ደግሞ የጀማነሽ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የአማርኛ ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ ለመደች፤ በሁለተኛው ሳምንት አሥር ጣቷ እንደ ጥንቱ መንጫጫት ጀመረ። ደሊና ከጎን ሆና «አራዳ እኮ ነዎት!» ስትላት ደስ አላት፤ አልደበቀችም።

አንድ ነገር ብቻ ጎረበጣት።

«ፕሮግራሙ» አለች ደሊና በሦስተኛው ቀን፣ «ከጸሐፊው ስም የመጨረሻውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል። ኢንዴክሱ ላይ እሱ ይቀድማል።»

«የቤተሰብ ስም? የማን ቤተሰብ?»

«ማለቴ፣ የአባት ስም።»

ጀማነሽ መነጽሯን አወለቀች። «ያንቺ አባት ማን ይባላል?»

«ፀሃዬ።»

«እና እኔ አንቺን ፈልጌ ‹ፀሃዬ!› ብዬ ብጣራ ማን ነው የሚመጣው?»

«አባቴ።»

«አየሽ!»

ይህን ክርክር ከዚህ በፊትም አድርጋዋለች። በ1982 አንድ የውጭ አገር ኤክስፐርት መጥቶ፣ ካርዶቹ ሁሉ በአባት ስም እንደገና ይሰለፉ፣ ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው ብሎ ነበር። ጀማነሽ በትሕትና ሰማችው፣ ሻይ አስመጣችለት፣ ከዚያም በአስተርጓሚ «በእኛ አገር አባት የልጁን ሥራ አይወስድም» አለችው። ኤክስፐርቱ በሁለት ወሩ ሄደ፤ ካርዶቹ እንደነበሩ ቀሩ። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ የሚፈራ ልብ አልነበራትም።

አሁን ግን ስልሳ አራት ሞላት። ደሊና ጉዳዩን ለማስተካከል ጊዜ እንደሚወስድ፣ ፍለጋ ሲደረግ ግን በየትኛውም ስም ቢጠራ እንደሚመጣ ስትነግራት፣ ጀማነሽ የልጅቷን የቸኮለ ፊት አየች። አስቸጋሪ አሮጊት መባል አስፈራት። ጠርተው አምጥተዋት፣ ወንበር ሰጥተዋት፣ በሦስተኛው ቀን ማጉረምረም!

«ይሁን፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። ከካርዶቿ የአንዷን ባለቤት አሳልፋ የሰጠችው በዚህች ቃል ነው።

እንዲህ እንድል ያደረገኝን ታሪክ ላውጋችሁ። ለተሚካኤል ሃብተአብ የጀማነሽ ጎረቤት ነበረች፣ አጥር ለአጥር። አባቷ ከትግራይ መጥተው ካዛንቺስ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ሚልዮን ጎበዝ ነበር፤ ተምሮ ተቋሙ ውስጥ የጥናት ክፍል ኃላፊ ሆነ፣ እህቱንም መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ አስቀጠራት። በ1977 እና በ78 ለተሚካኤል ደብተር ይዛ የካዛንቺስን ጓዳ ጎድጓዳ ቤት ለቤት ዞረች፤ ስንት ነፍስ አለ፣ ከየትኛው ቦኖ ትቀዳላችሁ፣ ወረፋ ስንት ሰዓት ያስጠብቃል፣ የሚቀዳውስ ማን ነው እያለች። ስምንት ወር። ጫማዋ ሁለቴ ሶል ተቀይሮለታል። ከዚያ ቁጭ ብላ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጻፈች፦ «የካዛንቺስ የቦኖ ውሃ ተጠቃሚ ቤተሰቦች»።

ረቂቁ እንዲታተም ጀማነሽ እጅ ሲደርስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «በሚልዮን ሃብተአብ» ይላል፣ በሚልዮን የእጅ ጽሑፍ። የለተሚካኤል ስም መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ለትብብራቸው ከሚመሰገኑት መካከል፣ ከሾፌሩ ቀጥሎ ነበር።

ጀማነሽ ደሟ ፈላ። የሚልዮንን ስም ዘለለችና ለማባዣ በሚመታው ሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉ ላይ «ለተሚካኤል ሃብተአብ» ብላ መታችው። የጽሕፈት መኪናዋ «ለ» ፊደል ሁልጊዜ ከመስመር ዝቅ ትላለች፤ ያን ቀን እሷም ሳትቀር ቀጥ ብላ የቆመች መስሏት ነበር። ሚልዮን ያየው ሃያው ኮፒ ተባዝቶ፣ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። ፀሐይ ላይ ስትዞር ያየኋት እሷን ነው።»

ማባረር ይችል ነበር። አፍጥጦ አያትና ወጣ፣ ሦስት ሳምንት ሰላም አላላትም። ስሙን ግን አላስቀየረም። በዚያው ዓመት የእህቱን ሥራ በአሥራ ስምንት ገጽ አሳጥሮ በራሱ ስም ማጠቃለያ አወጣ፤ «የካዛንቺስ ውሃ» የሚል። ነፍሱን ይማረው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ታላቅ ወንድም ነበር፣ ያው።

ለተሚካኤል ከዚያ ወዲህ በስሟ ሌላ ነገር አልጻፈችም። አገባች፣ ወለደች፣ መሥሪያ ቤት ቀየረች። ያቺን ጥናት ግን ስንት ጊዜ አነሣቻት! ሃያዎቹ ኮፒዎች አንድ በአንድ የውሃ ሽታ ሆኑ፤ የቀረችው የቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነበረች።

ሰፈሩ ሲነሣ ለተሚካኤል ምትክ ቤት ገላን ደረሳት። ጎተራና ገላን ሆነው፣ አጥር ለአጥር የነበሩት ሁለቱ በየወሩ በሃያ ሁለት፣ በዑራኤል ቀን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይገናኛሉ። የካቲት ሃያ ሁለት ለተሚካኤል ወፍራም መነጽር አድርጋ መጣች። ዓይኗ ላይ ሞራ ተጋርዷል፣ ለሚያዝያ ቀጠሮ ይዘውላታል፣ ይዳንላት አይዳንላት ሐኪሙም እርግጠኛ አልሆነም።

«ጀሚ፣ ያቺ ጥናቴ አለች?»

«የት ትሄዳለች!»

«ቤታችንን ላየው እፈልጋለሁ። አንድ ፎቶ እንኳን የለኝም እኮ። እሷ ላይ ግን እያንዳንዱን ቤት ጽፌዋለሁ። የዓይኔ ነገር ሳይለይለት ባየው...»

ጀማነሽ አላስጨረሰቻትም። «ለሚመጣው ሃያ ሁለት ኮፒ አድርጌ አመጣልሻለሁ። በዑራኤል!» ብላ ማለች።

እንግዲህ ኢንዴክሱ መጋቢት አጋማሽ ላይ ተጠናቀቀ። ደሊና ትእዛዙን ጻፈችና ጥቁሩ መስኮት ላይ መስመሮች እንደ ጎርፍ ወረዱ፣ ቆሙ፣ አለቀ። ሦስት ሰከንድ! ዝርዝሩ ታትሞ አቶ ደጋጋ ፈረሙበት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አዲሱ ቦታ ሁለት ክፍል ብቻ ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ ያለ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ማዳበሪያ ውስጥ። ማዳበሪያው ዓርብ በስምንት ሰዓት አሮጌ ወረቀት ለሚገዛው ቁራሌ ይሄዳል። የቀን ሠራተኞች ሁለት ቀን ሙሉ ከመደርደሪያ እያወረዱ ለዩ፣ ሞሉ፣ አሠሩ።

ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጀማነሽ የማለችውን ልትፈጽም ተቀመጠች። የፍለጋውን ትእዛዝ ራሷ ጻፈች፦ ለተሚካኤል። ተጫነችው።

ምንም። ሰረዟ ብቻ ብልጭ ድርግም።

ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመችው። ምንም። «ሃብተአብ» ብላ ሞከረች፤ አሁን መጣ። ሃብተአብ፣ ሚልዮን። የካዛንቺስ ውሃ። 1978። ከእሱ በላይም በታችም ለተሚካኤል የሚል የለም።

ወደ መደርደሪያው ሮጠች፤ ባዶ እንጨት። ካርቶኖቹን ፈተሸች፤ የለችም። በመስኮት ወደ ግቢው ስታይ አፋቸው በሲባጎ የታሠረ አርባ ሦስት ማዳበሪያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

አቶ ደጋጋ ስልክ በትከሻቸው ይዘው ሲፈርሙ ደረሰችባቸው።

«እትዬ ጀማነሽ፣ አርባ ሦስት ማዳበሪያ እኮ ነው! ሁሉም አንዲት ወረቀት ጠፋችብኝ እያለ ቢፈታ መቼ ልንወጣ ነው? ዝርዝር ላይ ያለ ይወጣል፣ የሌለ ይሄዳል።»

«ዝርዝሩ ተሳስቶስ እንደሆነ?»

«ታዲያ የሠሩት እርስዎ አይደሉም?»

እውነታቸውን ነው። በሕይወቷ አንድ ካርድ ጠፍቶባት አያውቅም፤ ለዚያውም ይህቺ!

ተመልሳ የድሮ ሳጥኗን ሳበች። ካርዷ አለች፣ ጥጓ በእጅ ብዛት ወዝ ጠጥቶ፣ «ለ»ዋ ዝቅ ብላ። ላይዋ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የራሷ የጀማነሽ ምልክት አለ፣ «ገብቷል» ማለት ነው። ካርዷን ይዛ ደሊና ፊት ቆመች።

«ይህቺን ካርድ ጽፌያታለሁ። የት አደረሳችኋት?»

ደሊና ፋይሉን ከፈተች። «አለች እኮ! ይኸው፣ ለተሚካኤል ሃብተአብ። ፋይሉ ላይ አለች፣ ኢንዴክሱ ላይ የለችም። ቆይ... እንዴት ነው ነገሩ?»

«ስንት ካርድ ነው የጻፍኩት?»

«ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ዝርዝሩ ላይስ?»

ደሊና ቆጠረች፤ ማለቴ ኮምፒዩተሩ ቆጠረላት። «ሦስት ሺህ... ሦስት መቶ ሃምሳ አንድ።» ድምጿ ቀነሰ። «ስልሳ አንድ ይጎድላል።»

«እስቲ እንደገና አስኪጂው። ሲያልቅ ወደ ላይ መልሺልኝ። ያ እንደ ጎርፍ የሚወርደው መስመር ምንድነው የሚለው?»

«እሱ ዋርኒንግ ነው፣ ማስጠንቀቂያ፤ ኤረር አይደለም። ማለቴ፣ ብዙ ጊዜ አናነበውም።»

«አንብቢው።»

ደሊና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች። «‹ሃብተአብ፣ 1978፣ የካዛንቺስ፤ ይህ መለያ በድጋሚ መጥቷል። የፊተኛው ወጥቶ የኋለኛው ተተክቷል።›»

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ጥናት ከአባት ስም፣ ከዓመቱና ከርዕሱ የመጀመሪያ ቃል አንዲት መለያ ይሠራል። የእህትና የወንድም አባት አንድ ነው፣ ዓመቱ አንድ፣ ሰፈሩ አንድ። ለተሚካኤል ቀድማ ገብታ ነበር፤ ሚልዮን ከኋላ መጣና በእሷ ቦታ ተቀመጠ። መቶ አሥራ ሁለቱ ገጽ ወደ ማዳበሪያ፣ አሥራ ስምንቱ ገጽ ወደ ካርቶን።

ጀማነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያኔ ከሚልዮን ብዕር ነጥቃ ያወጣቻትን ስም፣ ዛሬ በገዛ አሥር ጣቷ መልሳ አስረከበችው። እንባዋ መጣ፣ አላበሰችውም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ» አለች ደሊና፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «ዋርኒንጉን ማንበብ ነበረብኝ።»

«አይ ልጄ። ዋርኒንጉ እኔ ነበርኩ። እያወቅሁ ዝም አልኩ።» አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «በይ ተነሺ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ስሙ እንዳይቆረጥ ማድረግ ይቻላል?»

ይቻላል። ስሙ በሙሉ ሁለት ክንድ በሚመስል ቅንፍ ከታቀፈ፣ ፕሮግራሙ ልጅንና አባትን ሳይለያይ እንደ አንድ ስም ያነበዋል። ሦስት ሺህውንም ስም አንድ መስመር ትእዛዝ ያቅፋቸዋል።

«ግን የፈረንጆቹም አብሮ ይታቀፋል» አለች ደሊና። «የእነሱ በቤተሰብ ስም መግባት አለበት አይደል? ፋይሉ ደግሞ ማን ፈረንጅ እንደሆነ አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።» ጀማነሽ ወረቀት አወጣችና ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምራ፣ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ እያደረገች፣ በቃሏ ጻፈች። ሃምሳ ስምንት ሰው። የዛፍ በሽታ ያጠናውን፣ የወባውን፣ ያንን ካርዶቹን ሊያገላብጥ የመጣውን ኤክስፐርት ሳይቀር። «የአንዳቸውም ስም አይነካ» አለች። «ለእነሱም በአገራቸው ደንብ፣ ለእኛም በእኛ።» እስክትጨርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀረው፤ ምሳም አልበሉ፣ ሁዳዴ ስለሆነ ጀማነሽን አልከበዳትም፣ ደሊና ግን ሆዷ ይጮህ ነበር።

ትእዛዙን ጀማነሽ ጻፈችው፣ ደሊና ፊደል በፊደል አየችው። ተጫኑት። ሰረዟ ቆም አለች፣ ከዚያ መስመሮቹ ወረዱ፤ በዚህኛው ግን ጀማነሽ እያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ካላነበብሽልኝ አለች። ተመሳስለው የተጋጩ ሰባት ቀርተው ነበር፣ በእጅ ለዩአቸው። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ መጣ፦ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ፍለጋውን ጻፈች። ለተሚካኤል ሃብተአብ። የካዛንቺስ የቦኖ ውሃ ተጠቃሚ ቤተሰቦች። 1978።

«እልል በይ!» አለቻት ደሊናን፤ ልጅቷም እውነት መስሏት እልል አለች።

አዲሱን ዝርዝር አቶ ደጋጋ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ለስምንት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነበር። ኃላፊው ቀይ ምልክት የተደረገባቸውን መስመሮች ቁልቁል አዩ።

«ስልሳ አንድ?»

«ስልሳ አንድ። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ፈርሜም እሰጣለሁ።»

አቶ ደጋጋ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉና «ፊርማዎ ይቆየን። ኑ፣ እንፍታው» ብለው ቀድመዋት ወደ ግቢ ወጡ።

ቁራሌው ጅብሪል አይሱዙውን አስጠግቶ መጫን ጀምሮ ነበር፤ አሥር ያህል ማዳበሪያ ላይ ወጥቷል። ጀማነሽ ወረቀቱን እያውለበለበች ስትመጣ አይቶ የያዘውን መሬት አስቀመጠ።

«እናቴ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ሰው» አለችው።

አልሳቀባትም። የተጫነውን ሁሉ ራሱ መልሶ አወረደው። አራት ሆነው ፈቱ፣ ዘረገፉ፣ ቁጥር ጠሩ። አንዱ ሲገኝ ደሊና ምልክት ታደርጋለች፤ አሥር፣ ሃያ ሦስት፣ አርባ። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ አለፈ፣ ጅብሪል አንዴም ሰዓቱን አላየም። ከሃያ ሰባተኛው ማዳበሪያ፣ ከድሮ የደመወዝ ቅጽ ሥር፣ ሽፋኗ የሻገተ፣ ሽቦዋ የዛገ አንዲት ጥራዝ ወጣች። ጀማነሽ ርዕሱን አላነበበችም፤ ዝቅ ያለችውን «ለ» ከሩቅ አየቻት።

እዚያው አቧራው መሐል ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ገለጠች። የቤት ቁጥር 087፣ የእናቷ ቤት። ነፍስ ብዛት ሰባት። ቦኖ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ወረፋ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ከሥሩ ለተሚካኤል፣ መጠይቁ ያልጠየቃትን፣ አንድ መስመር ጨምራለች፦ «የቤቱ እናት መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቁርስ በልተሽ ነው የምትዞሪው ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

ጀማነሽ ያን ቀን አልቅሳለች ብል አልዋሸሁም።

መጋቢት ሃያ ሁለት ዑራኤል ግቢ፣ ዛፉ ሥር፣ ለተሚካኤል ቀድማ ደርሳ ነበር። ጀማነሽ ከፌስታል ሁለት ነገር አወጣች። መጀመሪያ የሰጠቻት አንድ ገጽ ነው፤ ደሊና ፊደሉን አተልቃ ያተመችው የኢንዴክሱ ገጽ።

ለተሚካኤል ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ በጣቷ ፈለገች። «ለተ... ሚካኤል... ሃብተአብ። ይኸው ነኝ!» ጣቷ ትንሽ ቆየና ቁልቁል ሄደ። «ሚልዮንስ?»

«ታች ነው። ዝቅ በይ፣ አሁንም ዝቅ በይ።»

«ከእኔ በኋላ?»

«‹ለ› ከ‹መ› ይቀድማላ! ምን ላድርገው?»

ለተሚካኤል ሳቀች፤ ምእመናኑ ዞረው እስኪያዩአቸው ድረስ፣ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። «ወይ ሚልዮኔ! ይህን ቢያይ!»

«ሦስት ሳምንት ሰላም አይለኝም ነበር።»

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ለተሚካኤል ኮፒ የተደረገችውን ጥራዝ ተቀበለች፣ ዳበሰቻት፣ ከፈተቻት፤ ግን ፊደሉ ደቃቅ ነበር፣ ዓይኗ እምቢ አላት። መልሳ ለጀማነሽ ሰጠቻት።

«ቤታችንን አንብቢልኝ።»

ጀማነሽ ገለጠች። «የቤት ቁጥር 088። አባወራ፣ አቶ ሃብተአብ። ነፍስ ብዛት ስድስት። ቦኖ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ወረፋ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። ውሃ የሚቀዳው ሰው ስም...» ጣቷን መስመሯ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየቻት።

«በይ አንብቢው» አለች ለተሚካኤል።

«ለተሚካኤል።»

«አዎ» አለች። «እኔ ነበርኩ የምቀዳው።»